ወደ አዳዲ ማርያም ያደረግነው ጉዞ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የታሪክ መምህራችን «አይተህ ከመጣኸው ጥንታዊ ቦታ አንዱን ንገረን» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ፤ ብዙ አገር የዞርሁ ሰው ስላልሆንሁ ትንሽ ተጨንቄ ነበር። በኋላ ግን በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር፤ በአንድ ቅዳሜ ቀን፤ ከቤተ ሰቦቼ ጋራ ያደረግሁት ጉዞ ትዝ አለኝ። ጉዞው ጧት ተነሥቶ ማታ የሚገባበት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን በዓይኔ ያየሁትና በገዛ እጄ ያጠፋሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ይህንንም ለጓደኞቼ ሳልደብቅ ለመናገር ለሴት አያቴ ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ ቃሌን እፈጽማለሁ።

እማማ፤ ማለት ሴት አያቴ፤ የተወለዱት በላስታ ነው። ላስታ የአሥራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አገር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በልጅነታቸው ለልደት በዓል ከእናታቸው ጋራ በእግር ተጉዘው፤ በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ከገደሉ አፋፍ፤ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲያሸበሽቡ አይተዋል። ከዚያ በኋላ ለአባባ ተድረው ወደ አቃቂ መጡ። አባቴ ሕፃን ሳለ በጽኑ ታሞ በነበረ ጊዜ «ልጄን ብታድንልኝ ጃን ጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብለው ለላሊበላ ተሳሉ። ልጁ ዳነ። ጃን ጥላውም ተገዛ። ነገር ግን አንድ ዓመት ገንዘብ ጠፋ፤ አንድ ዓመት ልጅ ተወለደ፤ አንድ ዓመት ሰው ታመመ፤ እንዲህ እየተባለ ዘመኑ አለፈ። በመጨረሻ ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ሊወስዷቸው ሲዘጋጁ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ዘለቀ። ከዚያም ወዲህ መንገዱ ለአንዲት ባልቴት የሚታመን አልሆነም። በዚህ መካከል የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ የእማማን ዓይን እየጋረደው ሄደ። ዛሬ ብርሃንና ጥላን ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም። ጃን ጥላው ግን በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ አሁንም ከሣጥናቸው ውስጥ አለ።

አባባ ደግሞ በጕልምስናቸው ጊዜ በህንዶችና በኢትዮጵያውያን ሽርክና በአቃቂ በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ። በዚያም አንድ ህንዳዊ ፎርማን ነበረ። ይህ ሰው በምሳ ሰዓት ከኪሱ አንድ ሥዕል አውጥቶ፤ «ይህ በአገሬ በኤሎራ የሚገኝ የካይላሳ ቤተ መቅደስ ነው፤ ከአንድ ተራራ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው» ብሎ ያሳያቸዋል። አባባም «ይህማ በእኛም አገር አለ፤ የሚስቴን አገር ሄደህ እይ» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት፤ ማን ከማን ተማረ እያሉ ምሳቸው እስኪቀዘቅዝ ይከራከሩ ነበር። አንድ ቀን ግን ፎርማኑ ስቆ «ሁለቱም ከድንጋዩ ተማሩ» አለና ክርክሩ በዚያው አለቀ። አባባ ይህን ነገር ከመቶ ጊዜ በላይ ነግረውናል።

እኔም ነገሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ አገላብጬ ነበር። በህንድ አገር፤ በማሃራሽትራ ግዛት፤ በኤሎራ ተራራ ላይ 34 ዋሻዎች ከድንጋይ ተፈልፍለው ይገኛሉ። ከእነዚህም 17ቱ የሂንዱ፤ 12ቱ የቡድሃ፤ 5ቱ የጃይን ሃይማኖት ቦታዎች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ካይላሳ በ8ኛው መቶ ዓመት፤ በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ቁመቱም ወደ 30 ሜትር ይጠጋል። ሠራተኞቹ ከተራራው ጫፍ ጀምረው ወደ ታች እየጠረቡ ወረዱ እንጂ ከመሠረት ጀምረው ወደ ላይ አልገነቡትም። የእኛው ላሊበላ ከዚያ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፤ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ። የላስታም ጠራቢዎች ሥራቸውን የጀመሩት እንደዚሁ ከጣራው ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን በታሪክ ክፍለ ጊዜ መምህራችን «ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለማየት የግድ ላስታ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ አዳዲ ማርያምን ታገኛላችሁ» አሉን። ይህን ወሬ ማታ ለቤተ ሰቡ ባወራሁ ጊዜ እማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ማን ሠራው ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በአፈ ታሪክ ንጉሥ ላሊበላ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ቦታ ለመሳለም ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ አሠራው እንደሚባል ነገርኋቸው። እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሱ እስከዚህ ድረስ ከመጣልኝ እኔ እስከዚያ ድረስ ልሂድለት» አሉ። ጉዞው የተቈረጠው በዚያ ሌሊት ነው።

ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት አጎቴ በሚነዳት ሚኒባስ ዘጠኝ ሆነን ተነሣን። ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበረ ከሰፈራችን ጉብታ ላይ ስንደርስ በስተ ደቡብ የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታይ ነበር። እናቴ ለእማማ ነገረቻቸውና ወደዚያው ዞረው አማተቡ። ከቃሊቲ በቀለበት መንገድ ወደ ለቡ፤ ከዚያም በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ያዝን። የጤፉ አዝመራ ተሰብስቦ ክምሩ በየሜዳው ይታያል። አባባ በመንገድ ሁሉ ስለ ህንዳዊው ፎርማን ያወሩ ነበር።

የአዋሽን ወንዝ ከምንሻገርበት አጠገብ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ይህን ቦታ በ1963 እ.ኤ.አ. ዤራር ዴከር የሚባል የሆላንድ ሰው የውኃ ጥናት ሲያደርግ አገኘው። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ጀምሮ የሰው ዘር በዚያ ወንዝ ዳር ድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ ይሠራ እንደ ነበረ ተረጋግጧል። ከአጎራባቹ ከባልጪት ጋራ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያው መንገድ ወደ ፊት የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮችም በ1980 እ.ኤ.አ. ተመዝግበዋል፤ ቁጥራቸው 36 ሲሆን ከእነዚህ 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። እኛ የአቃቂ ልጆች በየቀኑ የቡታጅራ አውቶቡስ ሲያልፍ እናያለን፤ የሚያልፈው ግን በእንዲህ ያለ የድንጋይ መጽሐፍ መካከል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከዋናው መንገድ ወጥተን የጥርጊያውን መንገድ ስንይዝ አባቴ የአቃቂ ልጅ በመሆኑ ኦሮምኛ አሳምሮ ያውቃልና ገበሬዎቹን መንገድ ይጠይቅ ነበር። እነርሱም ከሥራቸው ቆመው በትሕትና አመለከቱን። በመጨረሻ ከአንድ ጉብታ ላይ ደረስን። እኔ ሕንፃ እፈልግ ነበር፤ ሕንፃ ግን የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከእግራችን በታች ነበርና። ጣራው ከመሬቱ ጋራ እኩል ነው። ዙሪያውን ጥልቅ መተላለፊያ ከድንጋዩ ተቈርጦ ወጥቶለታል፤ በሮቹና መስኮቶቹም ወደዚያ መተላለፊያ ይከፈታሉ። ጫማችንን አውልቀን፤ እማማን ግራና ቀኝ ይዘን፤ በሸካራው ደረጃ ቀስ ብለን ወረድን። የድንጋዩ ቅዝቃዜ ከእግራችን ጀምሮ ወደ ላይ ይሰማን ነበር።

እውነቱን ለመናገር አዳዲ ማርያም እንደ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የተስተካከለ ሥራ አይደለም። ግድግዳው ሸካራ ነው፤ መስመሩም አልፎ አልፎ ይዛነፋል። እማማ ይህን ከእኛ ቀድመው ዐወቁት። እጃቸውን በግድግዳው ላይ አሳርፈው ቀስ እያሉ ዳሰሱና «ይህ የላስታ እጅ አይደለም፤ የላስታው እንደ ተላገ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ይህ ግን የመሮው ጥርስ አልጠፋለትም» አሉ። አባቴ ያዘኑ መስሎት ሊያጽናናቸው ሲል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ሳያነሡ «እጁ ሌላ ነው፤ አሳቡ ግን አንድ ነው» ብለው ግድግዳውን ሳሙ። ከዚያም ጧፍ አብርተው ብዙ ጊዜ ቆሙ።

በዚያ ያገኘናቸው አረጋዊ ቄስ የሥራውን ነገር አስረዱን። ሁላችሁም እንደምታውቁት ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረድራል፤ የተዛነፈበት እንደ ሆነ አፍርሶ ይመልሳል። ውቅር ሠሪ ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም። እርሱ የሚሠራው በመቀነስ ነውና። ዓምድ የሚሆነውን ድንጋይ ረስቶ ከቈረጠው፤ ያ ዓምድ ለዘለዓለም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መሮ ከማሳረፉ በፊት ጣራውንም፤ ዓምዱንም፤ መስኮቱንም፤ መቅደሱንም በልቡ ጨርሶ መሥራት አለበት። ቄሱ ይህን ሲናገሩ አባባ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ፎርማኑ ያለው ይህን ነው፤ ድንጋዩ ያስተምራል» አሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አሁን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

ታላላቆቹ ከውስጥ ሲጸልዩ እኔና የአጎቴ ልጅ በዙሪያው ባለው መተላለፊያ እንዞር ነበር። ጨለምለም ካለው ጥግ ስንደርስ የቤታችን ቁልፍ በእጄ ነበረ። ስሜን ጽፌ ብሄድ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ ብዬ አሰብሁ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል አንዱን እግር ብቻ ጫርሁ። በዚያው ቅጽበት እማማ በእናቴ እጅ ተይዘው ከበሩ ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው እንደ ወጣት ነው።

«ማነው ድንጋዩን የሚጭረው?» አሉ።

የአጎቴ ልጅ «አይጥ ይሆናል እማማ» አለ።

«አይጥ በብረት አይጭርም» አሉና ወደ እኛ መጡ። ምንም ሳይናገሩ ግድግዳውን በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር። ያን ሁሉ የጥንት የመሮ ምልክት እያለፉ ሄደው፤ የእኔን ጭረት አገኙት። ርዝመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። አቧራው ገና በላዩ ላይ ነበረ።

«ይህን መልሰው» አሉኝ።

«እማማ፤ እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ?»

«እንግዲያስ የማትመልሰውን ለምን ወሰድህ?»

መልስ አልነበረኝም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዕፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም። ወደ ቄሱ ሄጄ ጥፋቴን ተናገርሁ። እሳቸውም ወርደው አዩት። አልተቈጡኝም፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፤ ትንሽ ናት። ነገር ግን እዚህ የሚመጣው ልጅ አንተ ብቻ አይደለህም። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቢወስድ ለልጅህ ምን ይተርፋል?» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። እማማ ግን ንስሐውን በዚህ አልተዉትም። «የነፍስህን ነገር ቄሱ ይወቁ፤ እኔ ግን ይህን ነገር በተማሪ ቤትህ ፊት ቆመህ ለጓደኞችህ እንድትናገር አዝዤሃለሁ» አሉኝ። እነሆ፤ ለዚህ ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አስቤአለሁ። አዳዲ ማርያም በ16ኛው መቶ ዓመት በአሕመድ ኢብራሂም ዘመን ጦርነት ጊዜ ጉዳት እንደ ደረሰበት ይነገራል። ከዚያ ሁሉ ተርፎ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊስ ኤምባሲ ርዳታ ተጠግኖ፤ ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስበታል። በላሊበላም ዝናብና ፀሐይ ድንጋዩን እየሰነጠቀው በማስቸገሩ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ ተተክሎላቸዋል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፤ ያየውን ሲጽፍ የአገሩ ሰዎች እንዳያምኑት ሰግቶ ነበር። ዛሬ ግን የማያምን የለም፤ የሚጠብቅ ነው ያነሰው። ጦርነትን ለማስቆም የእኛ የተማሪዎች አቅም ትንሽ ነው፤ ዝናብንም ማገድ አንችልም። ቁልፍን በኪስ ማስቀመጥ ግን ለማንኛችንም አይከብድም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፤ ሩቁን እየተመኘን ቅርቡን አንናቅ። ላሊበላን ማየት ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የሚገባ ምኞት ነው፤ ነገር ግን መልካ ቁንጡሬም፤ አዳዲም፤ ጢያም በአንድ ቀን ደርሰን የምንመለስባቸው ናቸው። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ይህን ጉዞ ቢያዘጋጅ፤ ወላጆችም ለመጓጓዣው ቢረዱ፤ ከብዙ የመጽሐፍ ገጽ የበለጠ እንማርበታለን ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ፤ ከመሄዳችን በፊት የምንሄድበትን ቦታ እንወቅ። እኔ ያን ግድግዳ እንዴት እንደ ተሠራ ከቄሱ ከሰማሁ በኋላ እንኳ እጄን አነሣሁበት። ዕውቀት ከጆሮ አልፎ እስከ እጅ ካልደረሰ ምን ይጠቅማል?

ሦስተኛ፤ ጥበቃውን ከዚህ እንጀምር። ዛሬ ወደየክፍላችን ስንመለስ በየጠረጴዛው ላይ የተቀረጸውን ስም እንቍጠር። ከእኛ በፊት የተማሩት ታላላቆቻችን ያወረሱን ጠረጴዛ ነው። እኛም ለታናናሾቻችን እናወርሰዋለን። በጠረጴዛ ላይ ስሙን መቅረጽ የለመደ እጅ በሄደበት ሁሉ ያንኑ ያደርጋል፤ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

ክቡራን ወላጆችና መምህራን፤ የውቅር ሠሪው ነገር ስለ ተማሪም ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ያለፈ የትምህርት ዓመት፤ የባከነ ሰዓት፤ እንደ ተቈረጠ ድንጋይ ነው፤ ተመልሶ አይለጠፍም። ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋሙትና እስከ ዛሬ ያስተማሩበት ሁሉ እኛን በልባቸው አስቀድመው ሥለው እንደ ሠሩ አምናለሁ። ለእነርሱ የምንከፍለው ሥራቸውን በመጠበቅ ነው።

እማማ ያን ዕለት ማታ ቤታችን ስንደርስ ሣጥናቸውን ከፍተው ጃን ጥላውን አወጡና አቧራውን አራገፉለት። አባቴ «ለአዳዲ ማርያም ለምን አልሰጡትም ኖሯል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፤ «ስለት ለተሳሉበት ነው እንጂ ለቀረበው አይሰጥም፤ እኔ ባልደርስ ይህ ልጅ ያደርሰዋል» ብለው እንደ ገና በሻሹ ጠቀለሉት። የድንጋዩን ጭረት ለመመለስ አልችልም። ጃን ጥላውን ግን መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እሳቸውን ይዤ፤ ላስታ ድረስ አደርሰዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።